የእስክንድርያ ጉዞ፦ የጠፋውን ትተው የቀረውን ይዩ

ጥያቄ፦ «በጥቅምት ወር ለስብሰባ ወደ ካይሮ እሄዳለሁ። እናቴም አብረውኝ ይመጣሉ፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከስብሰባው በኋላ አንድ ትርፍ ቀን ስላለኝ ጠዋት ወጥተን ማታ የምንመለስበት የእስክንድርያ ጉዞ አስቤአለሁ። ማየት የምንፈልገው የፋሮስን የመርከብ መብራት ማማ፣ ጥንታዊውን ቤተ መጻሕፍት፣ የታላቁ እስክንድርን መቃብርና የቅዱስ ማርቆስን መንበር ነው። ጊዜ ከተረፈን ባሕሩ ውስጥ መዋኘትም እፈልጋለሁ። ከየትኛው ብንጀምር ይሻላል?»

ምላሽ፦ ከዘረዘሯቸው አራት ነገሮች ሦስቱን ዛሬ ማንም ሊያሳይዎ አይችልም፤ አራተኛውም እርስዎ ባሰቡት መልክ እስክንድርያ ውስጥ አይገኝም። ማማው ፈርሷል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጠፍቷል፣ የእስክንድር መቃብር የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፣ የማርቆስ መንበር አባቶችም መኖሪያቸውን ወደ ካይሮ ያዛወሩት በ11ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ይህን በቅድሚያ የምነግርዎ ጉዞውን እንዲተዉት አይደለም። ብዙ ሰው የሌለውን ሲፈልግ ውሎ እውነተኛውን ነገር ሳያይ ስለሚመለስ ነው። ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ ደግሞ በግብፅ ምድር ከእስክንድርያ የበለጠ የራሱን ታሪክ የሚያገኝበት ከተማ የለም ብዬ አምናለሁ፤ እናትዎን ይዘው ለመሄድ ማሰብዎም ትክክል ነው። መለወጥ ያለበት ዝርዝሩና የቀኑ ቁጥር ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ከተማዋ ለምን ባዶ እንደምትመስል ይረዱ። እስክንድር በ331 ከክርስቶስ ልደት በፊት የመሠረታት ከተማ ዛሬም በዚያው ቦታ ላይ ናት፤ ችግሩም ይኸው ነው። አዲሱ ከተማ በአሮጌው አናት ላይ ስለ ተሠራ ጥንታዊው ቅሪት ከመኖሪያ ቤቶችና ከጎዳናዎች ሥር ተቀብሯል። ከእስክንድር በኋላ ግብፅን የገዙት የበጥሊሞሳውያን ነገሥታት ቤተ መንግሥት የነበረበት የባሕር ጠረፍ ደግሞ በምድር መናወጥና በመሬቱ መስመጥ ምክንያት ከምሥራቁ ወደብ ውኃ ሥር ገብቷል። በ365 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል ከከተማዋ ክፉ ቀኖች አንዱ ነበር። ናፖሊዮን በ1798 ሲደርስ ያገኘው ብዙ ነዋሪ ያልነበረውን የወደብ መንደር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሐመድ አሊ ከዓባይ የሚመጣ ቦይ አስቆፍሮ ከተማዋን ዳግም ሲያቀና ጥንታዊው ድንጋይ ለአዲስ ግንባታ ዋለ። ከጥንቱ የቀሩትን ሁለት ታላላቅ የድንጋይ ሐውልቶች እንኳ አንዱን ወደ ለንደን፣ ሌላውን ወደ ኒውዮርክ ወስደዋቸዋል። ስለዚህ በሮም ወይም በአቴና እንደሚያዩት ከመሬት በላይ የቆመ ፍርስራሽ አይጠብቁ። እስክንድርያ ውስጥ ዋናው ነገር ወደ ታች ነው ያለው፦ ከመሬት በታች፣ ከባሕር በታች፣ ወይም ከዚያ ወጥቶ በሙዚየም።

የፋሮስ ማማ በ280 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ በበጥሊሞስ ፊላዴልፎስ ዘመን ተጠናቀቀ። ከታች አራት ማዕዘን፣ ከመካከል ስምንት ማዕዘን፣ ከላይ ክብ ሆኖ ከመቶ ሜትር በላይ ይቆም ነበር። ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያናውጠው ኖሮ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጨርሶ ከአገልግሎት ወጣ። በ1477 የማምሉኩ ሱልጣን ቃይትባይ በዚያው መሠረት ላይ ምሽግ አሠራ፤ ከማማው የወደቀው ድንጋይም ለግንቡ ዋለ። ዛሬ የሚጎበኙት ይህን የቃይትባይ ምሽግ ነው። አስጎብኚዎች «ይህ ፋሮስ ነው» ቢሉዎ ቦታው እውነት ነው፣ ሕንፃው ግን አይደለም። ምሽጉም ቢሆን በ1882 የእንግሊዝ መርከቦች ከተማዋን በመድፍ ሲደበድቡ ክፉኛ ተጎድቶ በኋላ የተጠገነ ነው። በ1994 ጠላቂ አርኪዮሎጂስቶች ከምሽጉ ሥር ባሕሩ ውስጥ የማማው ናቸው የሚባሉ ግዙፍ የግራናይት ድንጋዮችንና ሐውልቶችን አገኙ። ከዚያ የወጣ አንድ ግዙፍ የበጥሊሞስ ሐውልት በአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ደጅ ቆሟል፤ በነጻ ቀርበው ሊያዩት ይችላሉ።

ለእናትዎ ግን በዚህ ቦታ ከማማው የሚበልጥ ወሬ አለ። ፋሮስ ጥንት ደሴት ነበረች፤ ሰዎች በሠሩት መሻገሪያ ድልድል ግራና ቀኝ አሸዋ እየተከማቸ ነው ከየብሱ ጋር የገጠመችው። በትውፊት እንደሚነገረው ሰብዓ ሊቃናት ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክኛ የተረጎሙት በዚህች ደሴት ላይ ነው። የእኛ የግእዝ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመውም ከዚያ ከግሪክኛው ነው። ስለዚህ ከምሽጉ ውጭ ባለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠው ባሕሩን ሲያዩ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የሚነበበው መጽሐፍ ከተነሣበት አፈር ላይ ነዎት። ወደ ምሽጉ ላይኛ ፎቅ መውጣት ግዴታ አይደለም፤ ደረጃው ለጉልበታቸው አይመችም፣ ከታች ያለው እይታም ይበቃል።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንሂድ። ሁለት የተሳሳቱ ሐሳቦች አሉ። አንደኛው አዲሱ ቤተ መጻሕፍት በአሮጌው መሠረት ላይ ቆሟል የሚለው ነው። አዲሱ በጥንቱ የቤተ መንግሥት ሰፈር ውስጥ መሆኑ እርግጥ ነው፤ የጥንቱ ሕንፃ ግን በየትኛው ነጥብ ላይ እንደ ነበረ የሚያረጋግጥ አንድ ድንጋይ እንኳ አልተገኘም። ሁለተኛው ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ በአንድ ሌሊት እሳት ነደደ የሚለው ነው። ዩልዮስ ቄሣር በ48 ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደቡን ሲያቃጥል ጉዳት መድረሱ ተጽፏል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላም ሊቃውንት በከተማዋ ይሠሩ ነበር። ኸሊፋ ዑመር መጻሕፍቱን አስቃጠለ የሚለው ታሪክ ከድርጊቱ ነው ከተባለው ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ የተጻፈ ስለሆነ አብዛኞቹ የታሪክ ምሁራን አይቀበሉትም። ቤተ መጻሕፍቱን ያጠፋው የረጅም ጊዜ ቸልተኝነት፣ ጦርነትና የገንዘብ እጦት ተደራርቦ ነው።

በ2002 የተመረቀው አዲሱ ቤተ መጻሕፍት መታየት አለበት። የኖርዌይ አርክቴክቶች ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ክብ አድርገው ነድፈውታል፤ የውጭ ግድግዳው የአስዋን ግራናይት ሲሆን ከዓለም ልዩ ልዩ ጽሕፈቶች የተወሰዱ ፊደላት ተቀርጸውበታል። እንደ እኔ አስተያየት ከንባብ አዳራሹ ይልቅ ምድር ቤት ያለው የቅርስ ሙዚየም ይበልጣል፤ ትኬቱ ለብቻው ነው። ለሕንፃው መሠረት ሲቆፈር የተገኘ አንድ ክብ ሞዛይክ አለ፦ አንገቱ ላይ ማሰሪያ ያለው ውሻ ከወደቀ የነሐስ ማድጋ አጠገብ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሯል። ጠጠሮቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ የውሻው ዓይንና ጠጉር በብሩሽ የተሣለ ይመስላል። ብዙ ጎብኚ ላይኛውን አዳራሽ ብቻ አይቶ ይህን ሳያይ ይወጣል።

ጥንታዊውን የትምህርት ቦታ ማየት ከፈለጉ ግን የሚሄዱት ሌላ ቦታ ነው፤ ስሙ ኮም ኤል ዲካ ይባላል። ከከተማዋ ዋና የባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስ ነው። በ1960 የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች መቆፈር ጀምረው የእብነ በረድ መቀመጫ ያለው ትንሽ የሮማውያን ቲያትር አገኙ። ተጓዦች ቲያትሩን ፎቶ ያነሡና ይሄዳሉ፤ እርስዎ ግን አልፈው ይሂዱ። ከቲያትሩ ወዲያ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ያገለገሉ ወደ ሃያ የሚጠጉ የትምህርት አዳራሾች ተደርድረዋል። በየክፍሉ ሦስቱን ግድግዳ ተከትሎ ደረጃ ደረጃ ያለው የድንጋይ መቀመጫ ይዞራል። ከመካከል፣ ከሁሉም ከፍ ብሎ፣ በደረጃ የሚወጣበት የመምህሩ ወንበር አለ። በአንዳንዶቹ ወለሉ መሐል አንድ ድንጋይ ተተክሏል፤ ተማሪው ቆሞ ንግግር የሚያቀርብበት ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ጥንታዊቷ እስክንድርያ ስለ ትምህርት የተወችልን በዓይን የሚታይ ማስረጃ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ የአዳራሽ ስብስብ በጥንቱ ዓለም በሌላ ቦታ አልተገኘም። መሬቱ ከሞላ ጎደል ሜዳ ስለሆነ እናትዎ ቀስ ብለው ሊዘዋወሩ ይችላሉ። እዚያው ግቢ ውስጥ «የወፎች ቤት» የሚባል የሮማውያን መኖሪያ ወለል አለ፤ ጣዎስ፣ ዳክዬና ሌሎች ወፎች በሞዛይክ ተሥለውበታል። ተጨማሪ ትኬት ይጠየቃሉ፣ ይክፈሉ።

የእስክንድርን መቃብር በተመለከተ አጭር መልስ ነው ያለኝ። አስከሬኑ እስክንድርያ ውስጥ እንደ ነበረና የሮም ነገሥታት እየመጡ ይሳለሙት እንደ ነበር ተጽፏል፤ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ ዱካው ጠፍቷል። ብዙዎች ፈልገዋል፣ የተረጋገጠ ነገር የለም። መንገድ ላይ «የእስክንድርን መቃብር ላሳይዎ» የሚል ሰው ካገኙ ገንዘብ አይስጡ።

አሁን በዝርዝርዎ ውስጥ ወዳልነበሩትና እኔ ግን ቀዳሚ ቦታ ወደምሰጣቸው ሁለት ስፍራዎች ልምጣ። ሁለቱ ተቀራርበው በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ይገኛሉ።

የመጀመሪያው «የፖምፔ ዓምድ» የሚባለው ነው። ስሙ ስሕተት ነው፤ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ተጓዦች የሮማዊው የጦር አለቃ የፖምፔ መቃብር መስሏቸው የሰጡት ነው። ከሥሩ ያለው የግሪክኛ ጽሑፍ ዓምዱ ለማን እንደ ቆመ ይናገራል፦ ለዲዮቅልጥያኖስ። በስንክሳራችን ውስጥ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው፣ የነገሠበት 284 ዓመት የግብፅ ቤተ ክርስቲያን የዘመነ ሰማዕታት አቆጣጠር መነሻ የሆነው ያው የሮም ንጉሥ ነው። እስክንድርያ ዐምፃበት በ298 ገደማ ከረጅም ከበባ በኋላ ከያዛት ወዲህ ነው ዓምዱ የቆመለት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ303 የክርስቲያኖች ስደት ታወጀ፤ ተፍጻሜተ ሰማዕት የምንለው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጴጥሮስ በ311 በዚህችው ከተማ አንገቱ ተቀላ። ዓምዱ ከነመሠረቱና ከነጉልላቱ ወደ 27 ሜትር ይደርሳል፤ ግንዱ ብቻ ከ20 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው አንድ ወጥ የአስዋን ግራናይት ነው። ከሥሩ ቆመው ቀና ሲሉ ድንጋዩን እንዴት እንዳነሡት ማሰብ ያዳግታል።

ዓምዱ የቆመበት ኮረብታ የሴራፒስ ጣዖት ታላቅ ቤተ መቅደስ የነበረበት ነው። በ391 በሊቀ ጳጳሱ በቴዎፍሎስ ዘመን ፈረሰ። የዋናው ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ እዚህ እንደ ነበረ ጥንታውያን ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከመሬት በታች ባሉት መተላለፊያዎች ግድግዳ ላይ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች ያያሉ፤ «የመጻሕፍት ማስቀመጫ ነበሩ» ቢሉዎ ግምት እንጂ የተረጋገጠ አለመሆኑን ይወቁ። ግቢው ጥላ የለውም፤ ጠዋት ይሂዱ፣ ኮፍያና ውኃ ይያዙ።

ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ኮም ኤል ሹቃፋ የተባለው ከመሬት በታች የተፈለፈለ የመቃብር ስፍራ አለ። አንድ ነገር ብቻ የማየት ዕድል ቢኖርዎ ይህን እመርጥልዎታለሁ። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከዓለት ተፈልፍሎ የተሠራ ሲሆን በ1900 መሬቱ ተደርምሶ አንዲት አህያ ስትገባበት እንደ ተገኘ ይነገራል። ጠመዝማዛው ደረጃ አንድ ሰፊ የብርሃን ጉድጓድን እየዞረ ይወርዳል፤ አስከሬኑን በገመድ ያወርዱ የነበረው በዚህ ጉድጓድ ነው። ሲወርዱ ከሚያገኟቸው የመጀመሪያ ክፍሎች አንዱ ሦስት ሰፋፊ የድንጋይ መደቦች አሉበት። የሟች ቤተሰብ በመታሰቢያው ቀን መጥቶ በመደቦቹ ላይ ጋደም ብሎ ይበላና ይጠጣ ነበር፤ እኛ ተዝካር እንደምናወጣው ማለት ነው። ከዚያ ወደ ዋናው መቃብር ይዘለቃል። በሩን ግራና ቀኝ ሁለት እባቦች ይጠብቁታል፤ በራሳቸው ላይ የፈርዖኖችን ድርብ ዘውድ ደፍተዋል፣ በላያቸው ደግሞ በግሪኮች ተረት ጠጉሯ እባብ የሆነው የሜዱዛ ፊት ያለበት ጋሻ ተቀርጿል። ገባ ብለው ወደ በሩ ዞር ሲሉ የውሻ ራስ ያለውን የግብፆችን የሙታን ጠባቂ አኑቢስን ያገኙታል፤ የለበሰው ግን የሮማዊ ወታደር ጥሩር ነው። ሦስት ሃይማኖትና ሦስት ሥልጣኔ በአንድ ግድግዳ ላይ ሳይጣሉ ተቀምጠዋል። እስክንድርያ ምን ዓይነት ከተማ እንደ ነበረች ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ይህ ግድግዳ ያስረዳል።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ደረጃው ወደ መቶ ይጠጋል፣ ውስጡ ወበቃማ ነው፣ አሳንሰር የለም። ጉልበት ለሚያማቸው የሰባ ሁለት ዓመት እናት መውረዱ ቢቀና መውጣቱ ይከብዳል፤ ጠባብ ቦታ ለሚያስጨንቀው ሰውም አይሆንም። የታችኛው ወለል ለረጅም ዘመን በከርሰ ምድር ውኃ ተጥለቅልቆ ኖሯል፤ በ2019 ውኃውን የማስወገድ ሥራ ተጠናቋል፣ ሆኖም ወለሉ አንዳንድ ቦታ ሊያንሸራትት ስለሚችል ጫማዎ ይታሰብበት። እናትዎ ላይ ግቢው ውስጥ የሚቀመጡበት ቦታ አለ፤ እርስዎ ወርደው ቢመለሱ ይሻላል። በጉድጓዱ አፍ ሆነው ወደ ታች ማየት ይችላሉ።

ለእርሳቸው የሚመቸው የግሪክና የሮማውያን ሙዚየም ነው። አሮጌ የጉዞ መጽሐፍ ይዘው ከሆነ «ተዘግቷል» ይልዎታል። ከ2005 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ተዘግቶ መቆየቱ እውነት ነው፤ በ2023 ታድሶ ተከፍቷል። ከሴራፒስ ቤተ መቅደስ የተገኘው ትልቁ የጥቁር ድንጋይ በሬ እዚህ ነው። ለኢትዮጵያዊ ዓይን የሚቀርበው ግን ትንንሾቹ የሸክላ ጠርሙሶች ናቸው፦ እጁን ለጸሎት የዘረጋ ሰው በሁለት ግመሎች መካከል ቆሞ ይታያል። ሰማዕቱ ቅዱስ ሚናስ ነው። ምእመናን ከመቃብሩ ዘይትና ጸበል እየቀዱ በእነዚህ ጠርሙሶች ወደየሀገራቸው ይወስዱ ነበር፤ ጠርሙሶቹም ከግብፅ እጅግ ርቀው በአውሮፓ ጭምር ተገኝተዋል።

የቅዱስ ማርቆስን ነገር በጥንቃቄ እንለየው። ወንጌላዊው በእስክንድርያ ሰብኮ በዚያው በሰማዕትነት ማረፉ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ነው። የሀገራችን የመጀመሪያው ጳጳስ ፍሬምናጦስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና የተቀበለው በዚህች ከተማ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ጳጳስ የሚላክልን ከዚሁ መንበር ነበር። የመንበሩ ስም የእስክንድርያ ሆኖ ቢቀርም አባቶች በ11ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ካይሮ ስለ ተዛወሩ ፓትርያርኩን ለማየት የሚሄድ ሰው የሚሄደው ካይሮ፣ ዐባስያ ነው። የማርቆስ አፅምም በ828 ወደ ቬኒስ ተወስዶ ከፊሉ በ1968 ወደ ግብፅ የተመለሰው ወደዚያው ወደ ዐባስያ ካቴድራል ነው፤ ካቴድራሉ ሲመረቅ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል። ስለዚህ ስብሰባዎ ካይሮ ስለሆነ የዝርዝርዎን አራተኛ ክፍል እዚያው ይፈጽሙታል።

እስክንድርያ መሐል ከተማ ያለው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሕንፃው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ጥንታዊ ግንብ ፈልገው ቢሄዱ ያዝናሉ። ቦታው ግን ጥንታዊ ነው፤ ከሥሩ የቀደሙ ፓትርያርኮች አፅም ያረፈበት ስፍራ አለ፣ የወንጌላዊው ራስም በዚያ እንዳለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ታምናለች። በ2017 በሆሣዕና ዕለት በደጁ ላይ ከደረሰው የቦምብ ጥቃት ወዲህ ጥበቃው ጥብቅ ነው፤ ፓስፖርት ይያዙ፣ ቦርሳ ትንሽ ይሁን፣ ፍተሻውን በትዕግሥት ይቀበሉ። እናትዎ ነጠላቸውን ቢለብሱ ከየት እንደ መጡ ሳይጠየቁ ይታወቃል።

ለሁለተኛው ቀን የምመክርዎ ከከተማው ወደ ደቡብ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን፣ የቅዱስ ሚናስ መቃብር የነበረበትን የአቡ ሚናን ስፍራና አጠገቡ ያለውን የቅዱስ ሚናስ ገዳም ነው። ጥንታዊው የተሳላሚዎች ከተማ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአካባቢው ለእርሻ የሚለቀቀው መስኖ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍ አድርጎ መሠረቱን ስላላላው በ2001 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተመደበ፤ ውኃውን የሚያወርድ ሥራ ከተሠራ በኋላ በ2025 ከዚያ ዝርዝር ወጥቷል። ፍርስራሹ ዝቅ ያለ ነው፣ ያለ ገላጭ ብዙም አይነግርዎትም። አዲሱን ገዳም የመሠረቱት ፓትርያርክ ቄርሎስ ስድስተኛ ናቸው፤ በ1959 አቡነ ባስልዮስን የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አድርገው የሾሙት እርሳቸው ናቸው። መቃብራቸው በገዳሙ ውስጥ ነው። ግቢው ሰፊና ሜዳ ነው፣ ደረጃ አይበዛበትም፣ መኪና እስከ በሩ ይገባል። እናትዎ ከጉዞው ሁሉ የሚያስታውሱት ይህን እንደሚሆን እገምታለሁ። የቅዱስ ሚናስ በዓል በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 (በአውሮፓውያን ኖቬምበር 24) ስለሆነ በዚያ ሰሞን ሕዝቡ መፈናፈኛ አይሰጥም፤ የእርስዎ ጥቅምት ይመቻል።

መዋኘቱን ይተዉት። ባሕሩ በጥቅምት ገና ሞቃት ቢሆንም በመሐል ከተማው ያሉት የባሕር ዳርቻዎች ጠባብና ለዋናተኛ የማይመቹ ናቸው፣ በተለይ ለሴት የዋና ልብስ ለብሶ መታየት ምቾት አይሰጥም። የሞንታዛን የአትክልት ስፍራና የስታንሊን ድልድይ ብዙ ዝርዝሮች ቀዳሚ ያደርጓቸዋል፤ ለከተማው ነዋሪ ለመናፈስ ጥሩ ናቸው፣ ጥቂት ቀን ብቻ ላለው እንግዳ ግን ጊዜ መሻማት ነው። የንጉሣውያኑ ጌጣጌጥ ሙዚየምም እንዲሁ። በባሕሩ ዳር ጎዳና ላይ በእግር መሄድ ከፈለጉ ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ይጀምሩ፤ ጎዳናውን ለመሻገር ግን ከእናትዎ ጋር በመኪኖች መካከል አይሹለኩ፣ ከመንገዱ ሥር የተሠሩትን መተላለፊያዎች ይፈልጉ። ኅዳር ከገባ በኋላ ማዕበሉ እየበረታ ውኃው ጎዳናው ላይ የሚረጭበት ቀን አለ።

ስለ ገንዘብ ሦስት ነገር። የውጭ ዜጋ የመግቢያ ዋጋ ከግብፃውያን ይበልጣል፤ ሕጋዊ ነው፣ አይከራከሩ። ብዙዎቹ የቅርስ ስፍራዎች ከውጭ ዜጋ የሚቀበሉት በባንክ ካርድ ብቻ ስለሆነ ከሀገር ውጭ የሚሠራ ካርድ ሳይዙ አይሂዱ። በአንፉሺ ሰፈር ዓሣ ቤቶች ዓሣውን ከበረዶው ላይ ራስዎ ይመርጣሉ፣ በኪሎ ይመዘናል፤ ከመጠበሱ በፊት የተመዘነውንና ዋጋውን ያረጋግጡ። ታክሲም እንዲሁ፣ ሳይሳፈሩ ይስማሙ።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርዎ፦ በአንድ ቀን አይሂዱ። ከካይሮ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በባቡር መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። የቅርስ ስፍራዎቹ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብለው ይዘጋሉ፤ ደርሶ መልስ ለሚመጣ ሰው በእጁ የሚቀረው ጊዜ ከአራት ሰዓት ብዙም አይዘልም። የመመለሻ ትኬትዎን በሁለት ቀን ያዘግዩና ሁለት ሌሊት ይደሩ። ስብሰባው ባለቀ ማግስት በጠዋቱ ባቡር ወደ ዋናው ጣቢያ ይግቡ፤ ሻንጣዎን ሆቴል አስቀምጠው ኮም ኤል ዲካንና የግሪክና የሮማውያንን ሙዚየም ይዩ፣ አመሻሹ ላይ ወደ ቃይትባይ ምሽግ ይሂዱ። በማግስቱ ጠዋት መኪና ከነሾፌር ተከራይተው ወደ ቅዱስ ሚናስ ገዳም ይሂዱና ከሰዓት በኋላ ቅዱስ ማርቆስን ይሳለሙ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ የዲዮቅልጥያኖስን ዓምድና ኮም ኤል ሹቃፋን፣ ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱን አይተው በማታ ባቡር ይመለሱ። ሦስተኛው ቀን አርብ ላይ ከዋለ ቅደም ተከተሉን ያገላብጡ፤ ቤተ መጻሕፍቱ በዚያ ዕለትና በበዓላት ሊዘጋ ወይም ሰዓቱ ሊለይ ይችላል።

ትኬቱን ማዘግየት ፈጽሞ ካልተቻለ እናትዎን ለደርሶ መልስ ጉዞ አያድክሙ። ካይሮ ይቆዩ፤ የዐባስያን ካቴድራልና የአሮጌውን ካይሮ አብያተ ክርስቲያናት ያሳዩአቸው፣ እስክንድርያን ለሌላ ጊዜ ያቆዩላቸው።